የእጅ ጽሑፍን አይቶ ባሕርይ መናገር፦ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ተቀብሎ «ይህ ሰው ግትር ነው፣ ይቺ ደግሞ ልበ ሰፊ ናት» ብሎ መፍረድ ግራፎሎጂ ይባላል። ስሙን ያወጣለትና ምልክቶቹን በዝርዝር ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ቄስ ዣን-ኢፖሊት ሚሾን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1870ዎቹ። የእጅ ጽሑፍ ብዙ ነገር እንደሚናገር አያጠራጥርም። ስለ ጸሐፊው እጅ፣ ስለያዘው ብዕር፣ ፊደል ስለቆጠረበት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ስለ ጤናው ይናገራል። ስለ ስብዕና ግን ጥብቅ ቁጥጥር ባላቸው ሙከራዎች ሲፈተን ከተራ ግምት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። የተሳካ እየመሰለ ሰውን የሚያታልልባቸው መንገዶች ግን ሁሌም ያው ናቸው።

አንዱን ምልክት ከአንድ ባሕርይ ጋር ማሰር

ጀማሪ መጀመሪያ እጁ የሚገባው ሠንጠረዥ ነው። በላቲን ፊደል የ«ቲ» አግዳሚ ሰረዝ ከፍ ካለ ሰውዬው ትልቅ ነገር የሚመኝ ነው፤ መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ ተስፈኛ፣ ወደ ታች ከወረደ የተከፋ፣ ፊደሉ ወደ ቀኝ ከተጋደመ ተግባቢ ነው ይላል። ይህን አንድ ለአንድ ማዛመድ የሚሾንን ሥራ የተረከበው ዡል ክሬፕዩ-ዣማን ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ትቶታል። ምልክት ትርጉም የሚኖረው ከጠቅላላው ገጽ ጋር ሲታይ ነው ብሎ አስተማረ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ይዞ የሚፈርድ ሰው በሙያው በራሱ ሕግ እንኳ ተሳስቷል።

ማሻሻያው ግን ሌላ ወጥመድ ይዞ መጣ። ሁሉም ነገር «በጠቅላላው» ከተተረጎመ ትንታኔው ሊሳሳት የሚችልበት በር ይዘጋል። ፊደሉ ወደ ቀኝ የተጋደመው ሰው ዝምተኛ ሆኖ ሲገኝ «በቃላቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው ያመጣጠነው» ይባላል፤ ተግባቢ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ክፍተቱን የሚያነሳ የለም። መፍትሔው ሰውዬውን ከማወቃችሁ በፊት ግምታችሁን በጽሑፍ አስፍሮ፣ ቀን ጽፎበት፣ ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነው። በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ አይቆጠርም።

ምልክቶቹ ገና ሲሰሙ ልክ የሚመስሉት የምልክቱ ስምና ባሕርይው በቃል ስለሚገጥሙ ነው፤ ትልቅ ፊደል ትልቅ ልብ፣ የተጨናነቀ ጽሑፍ የተጨናነቀ መንፈስ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮይ ኪንግና ዴሬክ ኮህለር የእጅ ጽሑፎችን ከባሕርይ መግለጫዎች ጋር በዘፈቀደ አጣምረው ለተራ ሰዎች አሳዩ። ምንም ግንኙነት በሌለበት ሰዎቹ ግንኙነት አየን አሉ፤ ያዩትም በአብዛኛው ግራፎሎጂስቶች የሚያስተምሩትን ነው። «ከልምድ ነው የማውቀው» የሚል ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

ሠንጠረዡን ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ማሻገር

የግራፎሎጂ ሠንጠረዦች የተሠሩት ተቀጣጥሎ ለሚጻፍ የላቲን ፊደል ነው። ከመስመሩ በላይ የሚወጣው ክፍል ሐሳብን፣ መካከለኛው የዕለት ኑሮን፣ ከመስመሩ በታች የሚወርደው ሥጋዊ ፍላጎትን ይወክላል ይላሉ። የእኛ ፊደል አይቀጣጠልም፤ የእግሩንም ርዝመት የሚወስነው የፊደሉ ቤት ነው። በ«ሳ» የቀኙ እግር የሚረዝመው ራብዕ ስለሆነ፣ በ«ሶ» የግራው የሚረዝመው ሳብዕ ስለሆነ ነው። ከዚህ «ሥጋዊ ፍላጎት» ማውጣት ጸሐፊው የመረጠውን ቃል መተርጎም እንጂ ጸሐፊውን ማንበብ አይደለም። በዐረብኛና በዕብራይስጥ ደግሞ እጁ የሚሄደው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ «ወደ ቀኝ መጋደም ወደ ሰው መቅረብ ነው» የሚለው ሕግ ይገልበጥ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ ሠንጠረዡ መልስ የለውም።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በጀርመኗ ፕሩሲያ ትምህርት ቤቶች ዙተርሊን የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚቆም ፊደል ይሰጥ ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ በዚያው ዘመን በፓልመር ዘዴ ወደ ቀኝ የተጋደመ ጽሑፍ ይሰለጠን ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጀርመኑን ቁጥብ፣ አሜሪካዊውን ተግባቢ የሚል ሰው ያነበበው የመምህሩን መመሪያ ነው።

የብዕሩን ሥራ ለሰውዬው መስጠት

የብዕር ጫና የጉልበትና የቆራጥነት ምልክት ነው ይባላል። ቢክ እስክሪብቶ ኳሷ እንድትዞር መጫን ይፈልጋል፤ የቀለም ብዕርና ጄል ግን ቀለሙ በራሱ ስለሚፈስ ጫና አይጠይቁም። አንድ ወረቀት ባዶ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍበት ጀርባው ለስላሳ ይሆናል፤ ያው ሰው በዚያው እስክሪብቶ ከሥሩ አምስት ስድስት ወረቀት አንጥፎ ሲጽፍ ጀርባው በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ነው። የሰውዬው ባሕርይ በአምስት ወረቀት አልተለወጠም።

በስልክ ፎቶ የመጣ ናሙና ለጫና አይረባም። ካሜራው ከወረቀቱ ትይዩ ሳይሆን በሰያፍ ከተያዘ የፊደሉ ዝንባሌም ይዛባል፤ ፎቶው ተቆርጦ ሲታተም ትክክለኛው መጠን ይጠፋል። ግራኞች ወረቀቱን አዙረው ወይም እጃቸውን ከመስመሩ በላይ ቆልምመው ስለሚጽፉ ፊደሉ ወደ ኋላ ሊጋደምና ቀለሙ በእጃቸው ሊታሽ ይችላል። የትኛው እጅ እንደጻፈ ሳይጠይቁ ስለ ፊደሉ ዝንባሌ መናገር ተገቢ አይደለም። ለማንኛውም ንጽጽር ቢያንስ እነዚህን እኩል አድርጉ፦ መስመር የሌለው አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት ንጣፍ፣ አንድ ሙሉ ገጽ፣ በተለያየ ቀን የተጻፉ ሁለት ሦስት ናሙናዎች።

ይዘቱን እያነበቡ «ቅርጹን ብቻ ነው ያየሁት» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የሰው እንጀራ የሚዘጋውም በዚህ ነው። አመልካቹ ስለ ራሱ አንድ ገጽ በእጁ እንዲጽፍ ይጠየቃል። የት እንደተማረ፣ ምን እንደሠራ፣ ለምን ሥራውን እንደፈለገ ይጽፋል። ተንታኙ ገጹን አንብቦ «የተደራጀ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ከሰው ጋር የሚግባባ» ይላል፤ ቀጣሪውም ይደነቃል። ግን ያ ሁሉ በጽሑፉ ቃል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ፣ የሆሄያት ጥንቃቄው፣ የቃላት ምርጫው፣ የሕይወት ታሪኩ ራሱ ተናግሯል። በዚያ ላይ ተንታኞች ዕድሜና ጾታ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ጾታን እኮ ያልሠለጠነ ሰውም ከእጅ ጽሑፍ ከዕድል በላይ ይገምታል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪዎቹ ኤፍራት ኔተርና ገርሾን ቤን-ሻካር ለቅጥር የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ግራፎሎጂ ያልተማሩ ሳይኮሎጂስቶች ያንኑ ጽሑፍ አንብበው ከግራፎሎጂስቶቹ አላነሱም። ጽሑፉ ስለ ጸሐፊው ሕይወት የማያወራ ሲሆን ደግሞ የግምቱ ዋጋ ወደ ዜሮ ወረደ። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም፤ መረጃው የመጣው ከይዘቱ ነው።

«የተቀዳ ጽሑፍ ተፈጥሯዊ አይደለም፣ ከራሱ ሐሳብ መጻፍ አለበት» የሚለው መከራከሪያ ሁሌም ይመጣል። ይሁን። እንግዲያው ያንኑ ደብዳቤ አንድ ፊደል ሳትለውጡ፣ ከነስህተቱ፣ በኮምፒውተር ተይቡትና ግራፎሎጂ ለማያውቅ ሰው ስጡት። ያም ሰው እንደ ተንታኙ ከገመተ የእጅ ጽሑፉ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ይህን ማነጻጸሪያ ሳያደርጉ ዘዴው ሠርቷል ብሎ መናገር አይቻልም።

«ብቻውን አንወስነውም፣ ከሌላው ጋር እንደ ተጨማሪ ነው የምናየው» ማለትም አያድንም። ዋጋ የሌለው ነገር ዋጋ ባለው ላይ ሲጨመር ውሳኔውን ያበላሻል፤ ሁለት እኩል አመልካቾች ሲመጡ የሚፈርደው ያ «ተጨማሪ» ነው። የተጣለው ሰው ደግሞ በምን እንደወደቀ አይነገረውም፤ ስለዚህ ሊከራከርም አይችልም። ሠራተኛ የምትመርጡ ከሆነ የሥራውን ቁራጭ አሠሩት፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀድሞ በተዘጋጀ መመዘኛ አርሙ።

«እኔን ነው የገለጸኝ» ብሎ ማመን

እ.ኤ.አ. በ1948 የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጥቶ ውጤት ነው ብሎ ለሁሉም ያንኑ አንድ ጽሑፍ አደለ። ከ5 ስንት ይገልጻችኋል ሲባሉ አማካዩ 4.26 ሆነ። ስለዚህ የባለቤቱ መደነቅ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የማዛመድ ፈተና አድርጉ። አሥር ሰዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በእጃቸው ይቅዱ፤ ስም ሳይሆን ቁጥር ይኑረው። ተንታኙ ለእያንዳንዱ መግለጫ ይጻፍ። ከዚያ ሰዎቹን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ጽሑፎቹን ሳያይ የትኛው መግለጫ የማን እንደሆነ ያዛምድ። በዘፈቀደ ቢገጣጠም እንኳ በአማካይ አንዱ ልክ ይሆናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ልክ መሆንም የተለመደ ነው። አራትና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚገኘው ከመቶ ሁለት ጊዜ ገደማ ስለሆነ ከዚያ በታች ባለ ውጤት አትደሰቱ፤ ከተገኘም በሌሎች አሥር ሰዎች ድገሙት።

ከሰነድ መርማሪ ጋር መቀላቀል

ፍርድ ቤት የሚቀርበው የሰነድ መርማሪ የሚመልሰው «ይህን ማን ጻፈው?» የሚለውን ነው፤ «ጸሐፊው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አይልም። የሚነጻጸረውን ሰው ቃሉን እያነበበለት ያስጽፋል፣ አንዱ ናሙና እንደተጻፈ ወዲያው ከፊት ያነሳል፣ ጉዳዩ ከመነሣቱ በፊት የተጻፉ ሰነዶችንም ይሰበስባል፤ ከዚያ ቅርጽ ከቅርጽ ያነጻጽራል። የእሱን ተአማኒነት ተውሶ ስለ ባሕርይ መፍረድ ማሳሳት ነው።

በፊርማ ብቻ መፍረድ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ፊርማ ተለማምደው የሚስሉት ምልክት ነው። «ፊደልህን አስተካክል፣ ባሕርይህ ይስተካከላል» የሚለውም ጽሑፍን ከማሳመር አያልፍም።

የጤና ምልክትን በባሕርይ ስም መሸፈን

ፊደሉ እያነሰ ሄደ ሲባል «በራስ መተማመኑ ወረደ» የሚሉ አሉ። በፓርኪንሰን ሕመም ማይክሮግራፊያ የሚባል ነገር አለ፤ ፊደሉ በመስመሩ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ይነሣና ወደ መጨረሻው እየጠበበና እየተጨናነቀ ይሄዳል። የሚንቀጠቀጥ መስመር ደግሞ ፍርሃት ነው ከማለት በፊት መድኃኒት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሊቲየም፣ ቫልፕሮኤት፣ ለአስም የሚወሰደው ሳልቡታሞልም እጅ ያንቀጠቅጣሉ። የራሳችሁ ወይም የቤተሰባችሁ የእጅ ጽሑፍ በወራት ውስጥ ያለ ምክንያት ከተለወጠ ወደ ነርቭ ሐኪም ሂዱ። ቀን ያለባቸውን የቆዩ ደብተሮች ያዙ፤ ዛሬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ ከሥር ከሥሩ ጽፋችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ ዘርዝራችሁ አቅርቡ።