ትናንሽ ልጆች የሰዎችን ልዩነት እንዲያከብሩ በቤት ውስጥ እንዴት ማስተማር ይቻላል

የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ የሰዎችን የቆዳ ቀለም፣ የአነጋገር፣ የአካሄድና የአለባበስ ልዩነት ያስተውላል። ማስተዋሉ በራሱ ክፉ ነገር የለበትም። ያየውን ልዩነት ወደ ንቀት ወይም ወደ ፍርሃት የሚለውጠው በአብዛኛው ከቤተሰቡ አፍ የሚሰማው ቃል ስለሆነ፣ ሥራው ከአዋቂዎቹ ይጀምራል።

አስቀድመው ለአንድ ሳምንት ያህል የቤትዎን ንግግር ያድምጡ። አራስ ለመጠየቅ የመጡ ዘመዶች ሕፃኗን እያዩ «ቀይ ናት፣ ታድላ!» ሲሉ፣ ጠይሟ ታላቅ እኅቷ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች መሆኗን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ጎረቤትን በስሙ ፈንታ በብሔሩ መጥራት፣ የሌላውን አነጋገር እያስመሰሉ መሳቅ፣ አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ መጥራት ሁሉ ለልጅ ትምህርት ነው። የሰሙትን በማስታወሻ ይያዙና ከትዳር አጋርዎ ጋር ይነጋገሩበት። አያትን ማረም ከባድ ቢሆንም፣ ልጆች በሌሉበት «እማዬ፣ ልጅቷ ጥቁሯ ሲሏት ቅር ይላታል፤ በስሟ ብንጠራት ምን ይመስልሻል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል።

ቀጥሎ በራስዎ ጣሪያ ሥር ያለውን ልዩነት ይጠቀሙ። ከአንድ እናት ከተወለዱት ልጆች አንዱ ግራኝ፣ ሌላዋ ዓይን አፋር፣ ሦስተኛው ለመናገር የዘገየ ሊሆን ይችላል። ግራኙን ልጅ በቀኝ እጅህ ጻፍ ብሎ ማስገደድ፣ እርሱን ከማስጨነቁም በላይ ወንድሞቹ እንደ ብዙኃኑ ያልሆነ ሰው ጥፋተኛ ነው ብለው እንዲያስቡ ያደርጋል። እርሳሱን በሚመቸው እጅ ይያዝ። በማዕድ ላይ በቀኝ እጅ መብላት ወግ በሆነበት ቤት ወጉ በእርጋታ ይነገረው እንጂ፣ ግራኝነቱ ነውር ተደርጎ አይነሣበት። የራሱ ልዩነት በቤቱ የተከበረለት ልጅ የሌላውን ለማክበር አይቸገርም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ልጁ በሰው ፊት ጮክ ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ነው። ታክሲ ውስጥ «እማዬ፣ ሰውየው ለምን በትር ይይዛል?» ሲል ብዙዎቻችን አፉን እንይዛለን ወይም እንቆነጥጠዋለን። ልጁ ከዚህ የሚረዳው ሰውየው የማይነሣ አሳፋሪ ነገር እንዳለበት ነው። በዚያ ፈንታ ድምፅዎን ሳይቀንሱ፣ አጭርና እውነተኛ መልስ ይስጡት፦ «ዐይኑ ስለማያይ በነጩ በትር መንገዱን ይለያል።» አልቢኒዝም ያለበትን ልጅ አይቶ ከጠየቀዎት፣ ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር በጣም አንሶት እንደተወለደ፣ በመነካካት እንደማይተላለፍና ፀሐይ ቶሎ ስለሚጎዳው ባርኔጣ እንደሚያደርግ ይንገሩት። ከንፈር መምጠጥንና «አንተን ጤነኛ ያደረገህን አምላክ አመስግን» ማለትን ግን ይተዉ። ምስጋና መልካም ነው፤ የሌላውን ሰው አካል የምስጋናው ምክንያት ማድረግ ግን ልጁ በዚያ ሰው ላይ ጉድለትን ብቻ እንዲያይ ያለማምደዋል።

ስለ ሃይማኖት ለማስተማር በዓልን የመሰለ ጊዜ የለም። በክርስቲያኑ ቤት ድግስ ለሙስሊም ጎረቤት በሙስሊም እጅ በግ ማሳረድና ድስቱን መለየት በብዙ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ይህን ዝግጅት ይይ፣ ሳሕኑንም ይዞ ከእርስዎ ጋር ጎረቤት ይሂድ። «የእኛን ሥጋ ለምን አይበሉም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «እኛም እነርሱም እንደየሃይማኖታችን ሥርዓት የታረደውን እንበላለን» የሚለው መልስ ለዕድሜው በቂ ነው። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ፣ ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንደሚታቀብ ሲሰማ፣ ሁለቱም ለሚያምኑበት ነገር እንደሚጸኑ ይገባዋል። የሌላውን እምነት ማክበር ልጄን ከእምነቱ ያናውጠዋል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። የእኔ አስተያየት የተለየ ነው፦ ልጁ ለጎረቤቱ ሥርዓት ምክንያት ሲሰጠው የራሱንም ሥርዓት ምክንያት ይጠይቃልና፣ ስለ ቤቱ እምነት ለማስረዳት ጥሩ አጋጣሚ ይገኛል።

በምግብም እንዲሁ ያድርጉ። ልጅዎ ቆጮ ቀርቦለት «ይሸታል» ካለ፣ ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ የሚብላላ መሆኑን ነግረው ወደ እርስዎ ሊጥ ይውሰዱትና ያሽትቱት። የእንጀራው ሊጥም ቦክቶ የሚኮመጥጥ ነው። እንዲቀምስ ይጋብዙት፣ አያስገድዱት፤ «አልወድም» ማለት እንደሚችል፣ «ያስጠላል» ማለት ግን ያዘጋጀውን ሰው እንደሚያሳዝን ይለዩለት።

ቡና ሲፈላ ደግሞ ጀበናውን አስይዘው ማን እንደሠራው ይጠይቁት። በአገራችን ሸክላ ሠሪንና ብረት ቀጥቃጭን «ቡዳ» እያሉ ማግለል፣ ከልጆቻቸው ጋር ጋብቻ እስከመከልከል የደረሰ ረጅም ታሪክ ያለው በደል ነው። በእነዚህ ሰዎች ጀበና ቡና ጠጥተን፣ በምጣዳቸው ጋግረን፣ በማረሻቸው አርሰን እነርሱን ግን መናቃችን ሊያሳዝነን ይገባል። ለትንሽ ልጅ ታሪኩን ሁሉ መተረክ አያስፈልግም። ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ እንደሚቀረጽና በእሳት እንደሚተኮስ መንገር፣ ከተቻለም ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ወስዶ ሥራዋን ማሳየትና «እጅዎ ይባረክ» እንዲላት ማድረግ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ልጅዎ ቢያንስ በጎረቤቶቹ ቋንቋ ሰላምታ ይወቅ። «አካም» ወይም «ከመይ» የሚለውን ቃል ከቋንቋው ባለቤት አፍ ቢማረው ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ልጅዎ ጓደኛውን በብሔሩ ወይም በመልኩ ሰድቦ ሊመጣ ይችላል። አይምቱት። ቃሉን ከየት እንደሰማው በእርጋታ ይጠይቁት፤ ከራስዎ ቤት የወጣ ከሆነ «እኔም ተሳስቼ ተናግሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ አልለውም» ብለው ይመኑለት። ከዚያም እጁን ይዘው ወደ ጓደኛው ቤት ይሂዱ፣ በወላጆቹ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ እርስዎም አብረው ይጠይቁ። ሲታረቁ ኳሳቸውን ይዘው ይውጡ፤ ነገሩንም ማታ በእራት ላይ ዳግመኛ አያንሡበት።