ሰልፍ ከመጥራታችሁ በፊት፦ ሴቶች ሲደራጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሴቶች ሰልፍ ሲከሽፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አደባባዩ ላይ አይደለም። ቀድሞ ያልተሠራ ወይም በኋላ የተረሳ ነገር አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ ማብዛት። አስር ጥያቄ ይዛችሁ ከወጣችሁ ባለሥልጣኑ ቀላሏን ይመርጥና «ተመልሷል» ይላችኋል። ኦገስት 9 ቀን 1956 ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ላይ 20,000 ገደማ ሴቶች ሲወጡ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ጥቁር ሴቶችም የይለፍ ወረቀት (ጥቁሮች ለመንቀሳቀስ ይዘውት እንዲዞሩ የሚገደዱበትን መታወቂያ) ይያዙ የሚለው ይቅር። መላሹንም ለይተውታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሬይዶም። ሰውየው አልተገኘም። እነሱም የፊርማ ወረቀቱን እዚያው አስረክበው 30 ደቂቃ ያህል ድምፅ ሳያሰሙ ቆሙ።

ሕዝቡ በአንድ ጀምበር ይመጣል ብሎ ማሰብ። ከፕሪቶሪያው ሰልፍ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ የወጡት 2,000 ያህል ነበሩ። ቁጥሩ ያደገው አስተባባሪዎቹ አገሩን እየዞሩ ሴቶችን ስላነጋገሩ ነው። ላይክ መቁጠር ቅስቀሳ አይደለም።

ደፋሮቹን ብቻ መጥራት። ሁሉም ሴት መፈክር ይዛ ለመውጣት ዝግጁ አይደለችም። ሥራዋን የምትፈራ አለች፣ ልጅ የምትተውለት ሰው የሌላት አለች። በ1975 የአይስላንድ ሴቶች ይህን አስበውበታል። «አድማ» የሚለው ቃል የሚያስበረግጋቸው ስለነበሩ «የሴቶች የዕረፍት ቀን» አሉት። ብልሃት ነው! ኦክቶበር 24 ቀን 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ቢሮም አልገቡ፣ ምግብም አላበሰሉ፣ ልጅም አልያዙ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ገቡ። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ወጣ። አደባባይ ያልወጣችውም ቤቷ ቁጭ ብላ ተሳትፋለች።

ማይኩን ለክብር እንግዳ መስጠት። ጉዳዩ የደረሰባት ሴት ከኋላ ቆማ ሹም ግማሽ ሰዓት ከተናገረ ሰልፉ የሹሙ ነው።

ሁሉን ሰው ማመን። ይሄ ቀልድ አይደለም። በአርጀንቲና ወታደራዊው መንግሥት ልጆቻቸውን ያፈነባቸው እናቶች በ1977 ፕላዛ ደ ማዮ በተባለው አደባባይ መሰብሰብ ጀመሩ። ፖሊስ «ቆማችሁ አትሰብሰቡ» ሲላቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው አደባባዩን መዞር ያዙ። አልፍሬዶ አስቲዝ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ግን ወንድሙ የታፈነበት መስሎ ገባባቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከመሥራቾቹ አንዷ አሱሴና ቪያፍሎር ታፍና ተገደለች። ስለዚህ የስልክ ዝርዝር ለሁሉም አይበተንም። የሰው ፊት የሚታይበት ፎቶም ሳያስፈቅዱ አይለጠፍም፤ እናንተን የማያሰጋችሁ ነገር አጠገባችሁ ያለችውን ከሥራ ሊያስባርራት ይችላል።

በማግስቱ መበተን። በ2003 የላይቤሪያ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዲቆም ነጭ ለብሰው፣ የፕሬዚዳንቱ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሜዳ ላይ በየቀኑ ተቀመጡ። የሰላም ንግግሩ በጋና ዋና ከተማ አክራ ሲጓተት አንዳንዶቹ እዚያው ድረስ ሄደው የአዳራሹን በር ዘጉ። ኦገስት ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ሥራው ግን አላለቀም፤ ለ2005ቱ ምርጫ ሴቶችን በመራጭነት ለማስመዝገብ ተንቀሳቅሰዋል። እናንተም ከሰልፉ በፊት የቀጣዩን ስብሰባ ቀን ቁረጡ። ደብዳቤውን ማን እንደምታስገባ፣ መልስ ከቀረ በስንተኛው ቀን ማን ሄዳ እንደምትጠይቅ ስም አስይዙ።