አፕዴቱና ክፍያው ሲጋጩ፦ ለማክ ዴቨሎፐሮች ችግርና መፍትሄ

ማክ ላይ አፕ የሚሠራ ሰው ጸጉሩን የሚያስነጨው ኮዱ ብቻ አይደለም። አዲስ ማክኦኤስ የሚወጣበት፣ አፕ ስቶር ደንቡን የሚያጠብቅበትና የሰብስክሪፕሽን ክፍያ የሚያልቅበት ቀን አንዱ ሌላውን ሳያማክር ይመጣል። ስለዚህ አፕዴትም ሆነ ክፍያ ከመንካታችሁ በፊት የያዛችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አፕ ስቶር አልቀበልም ሲል

አፑ እናንተ ጋ ምንም አላለም፣ ስትልኩት ግን በአዲሱ ኤስዲኬ (አፕል ለአፕ ሠሪ የሚያዘጋጀው የመሥሪያ ጥቅል) ካልተሠራ አይሆንም ትባላላችሁ። እሺ ብላችሁ አዲሱን ኤክስኮድ፣ ማለትም የአፕልን አፕ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ልታወርዱ ስትሉ ማክኦኤሱ አሮጌ ነው፤ ማክኦኤሱን ላሳድግ ስትሉ ደግሞ ላፕቶፑ አይችልም።

ነገሩ ተያያዥ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 24 ቀን 2025 ጀምሮ አፕል ለአይፎን፣ ለአይፓድና ለመሳሰሉት ከሚላኩ አፖች የሚቀበለው በኤክስኮድ 16 ወይም ከዚያ በላይ የተሠራውን ብቻ ሆነ። ኤክስኮድ 16 ቢያንስ ማክኦኤስ ሶኖማ 14.5 ይፈልጋል፣ ሶኖማ ደግሞ የ2017 ማክቡክ ፕሮ ላይ አይገባም። ለኤፕሪል 2026 የወጣው ደንብ ኤክስኮድ 26ን ይጠይቃል፣ ለእሱም ቢያንስ ማክኦኤስ ሴኮያ 15.6 ያስፈልጋል። የአፕል ዴቨሎፐር አባልነትን የዓመት 99 ዶላር ከፍሎ እዚህ ላይ የደረሰ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም፤ ክፍያው በር ያስገባል እንጂ ላፕቶፕ አያድስም።

መፍትሄው ከኋላ መጀመር ነው። መጀመሪያ ማሽናችሁ የትኛውን ማክኦኤስ እንደሚችል እዩ፣ ከዚያ ያ ማክኦኤስ የትኛውን ኤክስኮድ እንደሚያስከፍት፣ ክፍያው መጨረሻ ይምጣ። ማሽኑ ካልቻለ ቢልዱን (ኮዱን ወደ አፕ የመቀየሩን ሥራ) ሌላ ማክ ላይ አሠሩት። ኮዳችሁ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ጊትሃብ አክሽንስ (ኮዳችሁን በኢንተርኔት ላይ ባሉ ማሽኖች የሚያሠራው አገልግሎት) ላይ ያሉት ማኮች በነፃ ይሠሩላችኋል፣ የግል ከሆነ ግን የማክ ደቂቃ ከሊኑክሱ በጣም ይወደዳል። ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የሚባለው አሮጌ ማክ ላይ አዲስ ሲስተም ያስገባል፤ የደንበኛ ሥራ ላለበት ማሽን ግን እኔ አልመክረውም።

ካሳደጋችሁ በኋላ ጊት ሲሞት

ጊትን፣ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን፣ ስትጠሩት ተርሚናሉ የዴቨሎፐር ፓዙ (መሣሪያዎቹ ያሉበት አድራሻ) ልክ አይደለም እያለ ይጮሃል። አትደንግጡ፣ ጊት አልጠፋም። ትልቅ አፕግሬድ የኮማንድ ላይን ቱሎቹን ይዞባችሁ ሄዶ ነው፣ መልሳችሁ ጫኗቸው፣ አለቀ። የቀድሞው ኤክስኮድ ራሱ አልከፈት ካለ አፕ ስቶር ውስጥ አትፈልጉት፣ እዚያ ያለው አዲሱ ብቻ ነው። አሮጌዎቹ የአፕል ዴቨሎፐር ገጽ ላይ ለብቻቸው ይወርዳሉ። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት።

አፑ ከስቶር ሲጠፋ

ያወረዱት ሰዎች እየተጠቀሙበት ነው፣ አዲስ ሰው ግን ፈልጎ አያገኘውም። የአፕል ዴቨሎፐር የዓመት አባልነታችሁ አልቋል ማለት ነው። አገር ቤት ላለን ሰዎች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን ካርዱ ነው። የምንከፍለው አሜሪካ ባለ ወንድም ወይም ዘመድ ካርድ ይሆንና፣ ካርዱ ሲቀየር እሱ አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም፣ አውቶማቲክ ክፍያው ዝም ብሎ ይከሽፋል። አባልነቱ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ፣ ለካርዱ ባለቤትም ያኔውኑ ደውሉ። ማሳሰቢያ ኢሜይሉ የሚሄደው አካውንቱ ወደተከፈተበት አድራሻ ስለሆነ እሱም የማን እንደሆነ አረጋግጡ።

የጄትብሬይንስ ላይሰንስ ወደኋላ ሲመልስ

ጄትብሬይንስ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከፍላችሁ ካቆማችሁ አንድ ቨርዥን ለዘላለም የእናንተ ነው። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ሲጠቀምበት የነበረው የሚቀርለት እየመሰለው ነው። የሚቀረው ያ የ12 ወር ክፍያ ሲጀምር የነበረው ነው፣ ማለትም ዓመት ያለፈው። አዲስ ማክኦኤስ ደግሞ በቅርብ ዓመታት መስከረም ውስጥ ይወጣል፤ ክፍያውን ነሐሴ ላይ አቁማችሁ መስከረም ላይ ሲስተም ብታሳድጉ አሮጌው ቨርዥን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ላይስማማ ይችላል። ለማቆም ካሰባችሁ የሚቀርላችሁን ቨርዥን አሁኑኑ አውርዱና ሞክሩት። ካልተመቻችሁ ወይ ማክኦኤሱን ባለበት ተዉት፣ ወይ ክፍያውን ቀጥሉ።

ማሳደጉ ግድ ከሆነ ደግሞ በነባሩ ላይ አትጫኑት። ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ አዲስ ቮልዩም ጨምሩና አዲሱን ማክኦኤስ እዚያ አስገቡት። ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ይኖራሉ፣ ማክኦኤስን ወደኋላ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ዲስኩን ማጥፋት ይጠይቃል።