የመጀመሪያው የሥራ ቀን ወረቀት፦ አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በቤተሰብ ሂደት አሜሪካ ከገባችሁ ገና ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሆናችሁ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ሻንጣው ገና አልተራገፈም። የተቀበላችሁ ዘመድ ግን «ሥራ ተገኝቷል፣ ነገ እንሄዳለን» ይላል። ፓርኪንግ ሊሆን ይችላል፣ ሆቴል፣ ኤርፖርት ወይም አረጋውያንን መንከባከብ። ሥራው ራሱ ይለመዳል። የሚከብደው በመጀመሪያው ቀን ፊታችሁ የሚዘረጋው የወረቀት ክምር ነው።

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ስጀምር፣ አንድ የአገር ልጅ አጠገቤ ቆሞ «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህም ጋ» እያለ ገጹን ይገልጥልኝ ነበር። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን አንዱንም አላነበብኩም። የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ስሜ ተገለባብጦ በአያቴ ስም ተጽፏል። ባንክ አልቀበልም አለ። እስኪስተካከል ሦስት ሳምንት ያለ ደሞዝ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማወራው ስለዚህ ወረቀት ነው።

አንድ ፍርሃት ላስወግድላችሁ። ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ቤት መቀመጥ የለባችሁም። ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ፣ ኤርፖርት ላይ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ቪዛው ላይም በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፣ አውጥታችሁ አንብቡት። ካርዱ የሚታተመው የዩኤስሲአይኤስ፣ ማለት የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ክፍያ ሲከፈል ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 235 ዶላር ነው፣ በኦንላይን ይከፈላል። ሳትከፍሉ የመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ክፈሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፦ አይ-9 የሚባለው፣ ማንነታችሁንና የመሥራት መብታችሁን የምታረጋግጡበት ፎርም። በአሜሪካ ማንኛውም ተቀጣሪ፣ እዚሁ የተወለደውም ጭምር፣ ይህን ይሞላል። የመጀመሪያውን ክፍል እናንተ ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት ትሞላላችሁ። ሁለተኛውን አሠሪው ሰነዳችሁን አይቶ፣ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይሞላል። ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርቡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ማኅተም ያለበት ቪዛ ያለው ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል። ወይም የስቴት መታወቂያና የሥራ ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ካርድ (የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራችሁ ያለበት) አንድ ላይ ይበቃሉ። «ግሪን ካርድ ካላመጣህ አልቀጥርህም» የሚል ማናጀር ካጋጠማችሁ፣ ያ በሕግ የተከለከለ ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ይህን ብቻ የሚከታተል ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ ግን ማናጀሩ ስለማያውቅ ነው። ፎርሙ ላይ ያለውን የሰነዶች ዝርዝር በትሕትና ብታሳዩት ነገሩ ያልቃል።

እዚሁ ፎርም ላይ አራት ሳጥኖች አሉ። እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። የመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ይላል። የእናንተ እሱ አይደለም። የእናንተ ሦስተኛው ነው፣ ቋሚ ነዋሪ የሚለው። አጠገቡ በኤ የሚጀምረው ቁጥር ይሞላል፣ ቪዛችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። በጥገኝነት ሂደት ላይ ሆናችሁ የሥራ ፈቃድ የያዛችሁ ደግሞ አራተኛውን ታመለክታላችሁ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እናገራለሁ? ዜጋ ሳይሆኑ ሥራ ለማግኘት «ዜጋ ነኝ» ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ነው። ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ግሪን ካርድም ዜግነትም ሊያስከለክል ይችላል። ይቅርታ የሚደረግበት መንገድ በጣም ጠባብ ነው። እና ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአንዲት ትንሽ ምልክት ነው፣ ሌላ ሰው ተቻኩሎ ካደረገላችሁ ምልክት። ፊርማው ግን የእናንተ ነው። ሰው ቢሞላላችሁም ሳትፈርሙ ይህቺን ሳጥን ራሳችሁ እዩ። በኦንላይን ስትሞሉም ያው ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ ትመዘገባላችሁ ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁም መልሱ «አይ» ነው።

ስለ ስምና ስለ ቀን። ሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁ ልክ ፓስፖርቱና ቪዛው ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ በፊደሉም በቅደም ተከተሉም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ እነሱ ደግሞ ያለ ቤተሰብ ስም አይሠሩም። ስለዚህ ቪዛው ላይ «ሰርኔም» ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው የመጨረሻ ስማችሁ፣ አባትም ይሁን አያት። የልደት ቀናችሁም በፈረንጅ ነው፣ እዚህ ግን ወር ይቀድማል። 03/07 ማለት ማርች 7 ነው እንጂ ጁላይ 3 አይደለም። ቀላል ይመስላል፤ ሶሻል ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ሶሻል ቁጥሩን በተመለከተ፣ ዲኤስ-260ን፣ የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻውን፣ ስትሞሉ ካርዱ እንዲላክላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ በገባችሁ በ3 ሳምንት ገደማ በፖስታ ይመጣል። ካልመጣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ሂዱ። እስኪመጣ ሥራ መጀመር ይቻላል። የምታርፉበት ዘመድ የፖስታ ሣጥን ላይ ስማችሁ መለጠፉን አረጋግጡ። ስም ስለሌለ ብቻ ካርዳቸው ተመልሶ የሄደባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሲደርሳችሁ ደግሞ እንደ አገር ቤት ላሚኔት አታስደርጉት፣ በኪስም ይዛችሁ አትዙሩ። የሌላ ሰው ሶሻል ተጠቅማችሁ እንድትሠሩ የሚመክራችሁ ካለ፣ ዘመድም ቢሆን እምቢ በሉ።

ደብሊው-4 የሚባለው ፎርም ደግሞ ከየደሞዛችሁ ምን ያህል ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስን ነው። ሰው «ልጆችህን ሁሉ ጻፍ፣ ቼክህ ያድጋል» ይላችኋል። ቼኩ እውነት ያድጋል። ነገር ግን ገና አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያሉ፣ ግሪን ካርድ ያልያዙ ልጆች በአሜሪካ ታክስ ጥገኛ ተብለው አይቆጠሩም። ዓመቱ አልቆ ታክስ ፋይል ስታደርጉ (ገቢያችሁን ስታሳውቁ) ዕዳው ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል። እዚህ ያሉትን ብቻ ጻፉ። ፎርሙ ስለ ትዳርም ይጠይቃል፤ ባለቤታችሁ አገር ቤት ቢሆኑም በሕግ ያገባችሁ ናችሁ። ምን መምረጥ እንዳለባችሁ ካልገባችሁ የመጀመሪያው ሳጥን፣ ያላገባ ወይም ለየብቻ ፋይል የሚያደርግ የሚለው፣ አያስቸግራችሁም።

ዲሲ አካባቢ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ መሥራት የተለመደ ነው። የስቴት ታክስ የምትከፍሉት ለምትኖሩበት ነው። ሦስቱም በዚህ ይስማማሉ። ለአሠሪው ነግራችሁ የምትኖሩበትን ስቴት ፎርም ሙሉ።

ከዚያ ደግሞ ሳይነገራችሁ የሚያልፍ ጥያቄ አለ፦ ተቀጣሪ ናችሁ ወይስ 1099፣ ማለት በራሳችሁ የምትሠሩ ኮንትራክተር? ተቀጣሪ ከሆናችሁ ለሶሻል ሴኪዩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) 7.65 በመቶ ይቆረጥባችኋል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በ1099 ከሆነ 15.3 በመቶውን ብቻችሁን ትሸከማላችሁ፣ ምንም ሳይቆረጥ ስለሚሰጣችሁም ብዙ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ኡበር መንዳት እንዲህ ነው፣ አውቆ ለሚገባበት ችግር የለውም። ሰዓታችሁን ወስኖ፣ ዩኒፎርም አልብሶ የሚያሠራችሁ ሰው በ1099 ልክፈል ካለ ግን ጠይቁ። ኦቨርታይም የሚባለውም፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ አንድ ተኩል የሚከፈለው፣ የተቀጣሪ መብት ነው። «በካሽ ልስጥህ» ከሚልም ራቁ። የጡረታ መብት የሚገኘው 40 ክሬዲት፣ ማለት ታክስ ከተከፈለበት ገቢ የሚያዝላችሁ ነጥብ፣ ሲሞላ ነው፣ በዓመት ከ4 በላይ አይያዝም። በካሽ የሠራችሁት ዓመት እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ባለቤታችሁን ወይም ልጆቻችሁን ለማምጣት ስታመለክቱም የሚጠየቀው የታክስ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ከየቼኩ ጋር የሚመጣውን ፔይ ስተብ፣ የሰዓታችሁንና የተቆረጠውን ዝርዝር የያዘውን ወረቀት፣ አስቀምጡ። ቤት ለመከራየትም ይጠየቃል። ሰዓቱን ከራሳችሁ ማስታወሻ ጋር አስተያዩ፣ ከጎደለ በዚያው ሳምንት ተናገሩ። የፈረማችሁትንም ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አድራሻ ስትቀይሩ፣ አዲስ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ አሳውቁ። ለድሮ አሠሪያችሁም ንገሩ። ደብሊው-2 (ያለፈው ዓመት ደሞዛችሁና የተቆረጠው ታክስ የሚጻፍበት ወረቀት) እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለበት፣ የሚልከውም እሱ ጋ ወዳለው አድራሻ ነው።