ዊንዶውስ 11 ጭናችሁ ማውሱ እምቢ ሲላችሁ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው። መሻገሩ ባልከፋ። ግን አንዳንዴ ጭነቱ አልቆ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀስቷ መሀል ስክሪን ላይ ድርቅ ትላለች። ማውሱን ግራ ቀኝ ብታሹት ንቅንቅ የለም።

እኔ አንዴ ሮጬ አዲስ ገዛሁ። እሱም እምቢ አለ! ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ማውሱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። እዚያም ካልሠራ ሞቷል፤ የባትሪ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ ያለው እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርጉ። "አጥፍቼ አብርቼዋለሁ እኮ" እንዳትሉኝ። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለው። ይሄ ከበራ፣ ሻት ዳውን ስትሉት የሲስተሙን ከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሳ መልሶ ያመጣዋል፤ ከነችግሩ። ሪስታርት ግን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ያለ ማውስ እንዲህ ነው፦ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ከዚያ ዩ፣ ከዚያ አር። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

አሁንም ካልሆነ ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። ሽቦ አልባ ከሆነ ትንሿን መቀበያ ከሃርድ ዲስክና ከፍላሽ አርቃችሁ ሰኩ፤ የዩኤስቢ 3 ዕቃዎች ማውሱ የሚገናኝበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሹታል። ብሉቱዝ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ካለው የብሉቱዝ ዕቃዎች ዝርዝር አጥፍታችሁ እንደገና አገናኙት።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከማውሱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው፤ ሲስተሙ ሲቀየር አሮጌው ላይግባባ ይችላል። የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን ተጭናችሁ ኤም በሉ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል። ታብ ተጫኑ፣ በቀስት ቁልፎች "ማይስ" ወደሚለው ውረዱ፣ በቀኝ ቀስት ዘርጉት። ማውሳችሁ ላይ ሆናችሁ ኢንተር ስትሉ ፕሮፐርቲስ ይመጣል። በኮንትሮልና ታብ ወደ ድራይቨር ገጽ ሂዱ። "ሮል ባክ ድራይቨር" የሚለው ካልደበዘዘ እሱን ምረጡ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል። ከደበዘዘ "አንኢንስቶል ዲቫይስ" ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። አትደንግጡ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ታዲያ እጃችሁ ስቶ ዩኤስቢ ኮንትሮለር የሚለውን እንዳትነኩ። ኪቦርዳችሁም ዩኤስቢ ከሆነ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ነው ጉዱ።

ማውሱ ሠርቶ ሠርቶ ደርሶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ "ዩኤስቢ ሩት ሃብ" የሚለውን ክፈቱ። ፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

በኪቦርድ መሄድ ከታከታችሁ የግራ ኦልትን፣ የግራ ሺፍትንና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጭናችሁ ኢንተር በሉ። በቀኝ ያሉት ቁጥሮች ቀስቷን ያንቀሳቅሳሉ፣ 5 ክሊክ ያደርጋል። ያዘግማል እንጂ ይሠራል።

ሁሉም እምቢ ካለ ወደ 10 መመለስ ይቻላል፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። ግን ከጫናችሁ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ "ዊንዶውስ ኦልድ" የሚለውን ፎልደር ካጠፋችሁት ደግሞ ያም አይሠራም።