የሕፃናትን መቀመጫ በመኪና ላይ አጥብቆ ስለማሰር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ የልጁን መቀመጫ ማሰር ያለበት ሌሊት በጥድፊያ ሳይሆን በዋዜማው በቀን ብርሃን ነው። ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ጨቅላ ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት) በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲነፋ የመቀመጫውን ጀርባ በኃይል መትቶ ሊገድለው ይችላልና።

የመኪናውን ቀበቶ መቀመጫው ላይ በተዘጋጀለት መተላለፊያ አሳልፈው ከቆለፉ በኋላ፣ መቀመጫውን በጉልበትዎ ወደ ታች ተጭነው ቀበቶው እስኪከር ይሳቡት። ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዘው ሲወዘውዙት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፈትተው እንደገና ያጥብቁት።

ልጁን ከመቀመጫው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ፣ የልጁ ፊት ወደ ኋላ ሲሆን ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ሲሆን እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ትከሻው ላይ በጣት ቆንጥረው ማጠፍ ከቻሉ ገና ልል ነው። ለማለዳው ብርድ ብሎ ልጅን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ በግጭት ጊዜ ልብሱ ሲጨመቅ ማሰሪያው ይላላል። በስስ ልብስ ይታሰርና ጋቢው ከላይ ይደረብለት።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ ስትቆሙ፣ ከደጀን በኋላ ቁልቁለቱ ስለሚጀምር፣ ቀበቶውንም ማሰሪያውንም ደግማችሁ ፈትሹ።