ቦርሽ ስትደርሱ መጀመሪያ የስልካችሁን ሰዓት አስተካክሉ

ሮማኒያ ሥራ አገኘሁ ብላችሁ፣ ቡካሬስትን በልባችሁ ስላችሁ መጥታችሁ ቦርሽ ላይ ቢያወርዷችሁ አትደንግጡ። እኔም ደንግጬ ነበር። በምዕራብ ጫፍ፣ ሃንጋሪ ድንበር ላይ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት፤ እነሱ ኮሙና ይሏታል። አራት መንደር አላት፦ ቦርሽ፣ ሳንተውል ማሬ፣ ሳንተውል ሚክ እና ሲንቲዮን። ማሬ ትልቁ ማለት ነው፣ ሚክ ትንሹ። ሲንቲዮን ደግሞ ቅዱስ ዮሐንስ። ከቡካሬስት የሚነሳው ቁጥር 1 መንገድ አገሩን አቋርጦ መጥቶ የሚያልቀው እዚህ ነው። ለገበያም ለቢሮም የምትሄዱት ኦራዲያ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የቀበሌዋ ስም ራሱ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይላል። በሃንጋሪኛ ቦርሽ ማለት ቁንዶ በርበሬ ነው። በሮማኒያኛ ደግሞ ከስንዴ ፉርሽካ ተቦክቶ ሾርባ የሚያኮመጥጡበት ውሃ። እርሾ ለሚያውቅ ሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ድንበሩ አፍንጫችሁ ሥር ስለሆነ ስልካችሁ ሳታውቁት የሃንጋሪን ኔትወርክ ይይዛል። የሃንጋሪ ሰዓት ደግሞ ከሮማኒያ በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንቴ ፈረቃዬ የሚገባው ጠዋት 12 ሰዓት ነበር፤ አላርሜን 11 ላይ ሞልቼ ተኛሁ። አላርሙ ሲጮህ ግቢው ጭር ብሏል፣ የሠራተኛ መኪናው ጥሎኝ ሄዷል፣ የቀኑም ደመወዝ ተቆረጠብኝ። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሰዓቱ በራሱ እንዳይቀየር አድርጉ፣ ኔትወርኩንም ራሳችሁ ምረጡ። ቤተሰብ ስትደውሉ ደግሞ በበጋቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናችሁ፣ በክረምታቸው በ1 ሰዓት ወደኋላ።

ሰፈሩ ውስጥ የምትሰሙት በአብዛኛው ሃንጋሪኛ ነው፣ መንግሥት ቢሮ ግን ሮማኒያኛ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም አትችሉም፣ ግን ሰላምታ ቻሉ። "ዮ ናፖት" የሃንጋሪው ነው። የሮማኒያው "ቡና ዚዋ" ነው፣ ቡና ስላለበት አይጠፋችሁም። በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ እናቶችን ሳትሰላሙ አትለፉ። እኔ የመጀመሪያውን ወር አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው፣ ጨዋ መሆኔ መስሎኝ። ለካ ኩሩ ብለውኛል። ሰላም ማለት ከጀመርኩ በኋላ የአውቶቡሱን ሰዓት የነገሩኝም፣ ለምድጃ እንጨት የሚሸጠውን ሰው ያሳዩኝም እነሱ ናቸው።

ወረቀት ላይ ቀልድ የለም። የገባችሁበት ቪዛ 90 ቀን ነው የሚያቆየው፤ ከማለቁ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማችሁ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ፣ ኦራዲያ ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ። አሠሪው "እኛ እንጨርሳለን" ቢላችሁም ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ። 13 አሃዝ ያለው የግል ቁጥራችሁ፣ ቼ ኔ ፔ የሚሉት፣ ካርዱ ላይ ይመጣል፤ ባንክም ሐኪምም የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ፓስፖርታችሁን "እናስቀምጥላችሁ" የሚል ካለ እምቢ በሉ።

ደመወዝ ላይ ደግሞ ኤጀንቱ የነገራችሁ ቁጥር ከቁረጣ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በ2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 4,050 ሌይ (የሮማኒያ ገንዘብ) ነበር፣ ግን ያ ከመቆረጡ በፊት ነው። 25% ለጡረታ፣ 10% ለጤና፣ ከዚያ ከቀሪው ላይ 10% የገቢ ግብር ይነሳል። በሙሉው ቁጥር ዕቁብ ገብታችሁ እንዳትጨነቁ።

ድንበሩስ? ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሮማኒያ በየብስም ሼንገን ገብታለች፣ ማለትም ድንበር ላይ መደበኛ ፍተሻ የሌለበት የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ውስጥ። መኪናው ሳይቆም ያልፋል፣ አንዳንዴ ግን ፖሊስ አስቁሞ ይፈትሻል። ታዲያ በመጣችሁ በሳምንቱ "ኦስትሪያ እኮ ቅርብ ናት" የሚል ሰው አይጠፋም። የመኖሪያ ካርድና ፓስፖርት ካላችሁ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጎብኘት ትችላላችሁ። መሥራት ግን አትችሉም። የሥራ ፈቃዳችሁ የሮማኒያ ብቻ ነው፤ እዚያ ስትሠሩ ከተያዛችሁ እዚህ ያለውንም ልታጡ ትችላላችሁ። የሄዱ ልጆች አውቃለሁ፣ ሲደውሉ ስለ ሥራ አያወሩም።

የምትጾሙ ከሆነ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ዳቦ ቤትና ሱቅ ውስጥ "ዴ ፖስት" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፣ የጾም ማለት ነው። የሮማኒያ ኦርቶዶክሶች ፋሲካቸው ከእኛው ጋር ይገጥማል፣ ገናቸው ግን ዲሴምበር 25 ነው። ቅዳሴው የእኛ አይደለም፣ መቁረብም የለም፣ ሻማ ለማብራት ግን ኦራዲያ ያለውን የጨረቃ ቤተ ክርስቲያን እወደዋለሁ። ግንቡ ላይ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ወርቅማ የሆነ ኳስ አለ፣ ቀስ እያለ እየዞረ ጨረቃዋ የት እንደደረሰች ያሳያል።

በርበሬ ከአገር ካልያዛችሁ ቦያ የሚሉት ቀይ ዱቄት አለ። "ዩቴ" የሚለውን ነው የምትገዙት፣ የሚያቃጥለው እሱ ነው። እኔ "ዱልቼ" የሚለውን ገዝቼ ሽሮዬ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ። መልኩ አማረ፣ ጣዕሙ ግን ካሮት ካሮት አለኝ።